የነፃ ወረቀትና የመድኃኒት ቤት ደጅ

የኢትዮጵያ የመንግሥት ሕክምና ታሪክ ሲጻፍ ሆስፒታሎች የተመረቁበት ዘመን ይዘረዘራል፤ በሽተኛው በእጁ ይዞት ስለሚመጣው ወረቀት ግን እምብዛም አይወሳም። ቀበሌዎች በ1967 ዓ.ም. ከተቋቋሙ ወዲህ መክፈል የተሳነው ሰው ማኅተም ያረፈበት የድህነት ማስረጃ ከቀበሌው ያጽፍ ነበር። ሕዝቡ «የነፃ ወረቀት» ይለዋል።

ወረቀቱ የካርድና የምርመራ ክፍያን ያስቀራል፤ መድኃኒት የሚገኘው ግን በተቋሙ መደርደሪያ ላይ ካለ ብቻ ነው። ቀበሌው ሲፈርም ወጪውን የሚተካ አካል አልነበረም። ጤና ጣቢያውም ከሌሎች ታካሚዎች የሰበሰበውን ገቢ ለመንግሥት ካዝና ፈሰስ ያደርግ ስለነበር መደርደሪያው መራቆቱ አያስገርምም። ሐኪሙ ማዘዣውን ጽፎ «ከውጭ ይግዙ» ይላል፤ ነፃነቱም እዚያው ላይ ያበቃል።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ይህን ለማረም የታሰበ ነበር። ተቋማት ገቢያቸውን ለመድኃኒት መግዣ እንዲያውሉ፣ የነፃ ታካሚዎችንም ወጪ ወረዳው እንዲሸፍን መንገድ ከፈተ።

በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለሙከራ ተጀመረ። አባወራው በየዓመቱ ያዋጣል፤ የእጅግ ድሆችን መዋጮ መንግሥት ይችላል። ማዋጣት ለእድርተኛ ሕዝብ እንግዳ ነገር አልነበረም። ነገር ግን እድር በአመዛኙ ለሞት የቆመ ነው፤ ሞት ደግሞ ማንንም ስለማይዘል ከፋዩ ሁሉ ተራው እንደሚደርሰው ያውቃል። ሳይታመም ዓመቱን የጨረሰ የመድን አባል ግን «ገንዘቤስ የት ገባ?» ቢል አይፈረድበትም።

ለደመወዝተኛው በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 690 ቢወጣለትም አፈጻጸሙ ዓመት ከዓመት ተራዘመ። በዚህም ምክንያት መድን ያለው ገበሬና መድን የሌለው አስተማሪ በአንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ የሚይዙበት ዘመን መጣ።

የመድኑ ሽፋን መነጽርንና ሰው ሠራሽ ጥርስን አያካትትም፤ ይህስ ይሁን። የሚከብደው መድኃኒቱ ከተቋሙ ሲጠፋ ነው። ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ «ከኪስ የሚወጣ» የሚሉትን ወጪ ወደ አማርኛ በመለስኩ ቁጥር ቃሉ ይቆረቁረኛል፤ የገጠሩ ሰው ለሕክምና የሚያወጣው ከኪሱ ሳይሆን ከበረቱ ነውና። በሬው ተሸጦም ገንዘቡ አልበቃ ሲል አስታማሚው በግል መድኃኒት ቤት ደጅ ቆሞ፣ ከታዘዘው የአሥር ቀን መድኃኒት የአምስት ቀኑን ብቻ እንዲሸጡለት ይለምናል።