ከድምፅ መስጫው ወረቀት ጀርባ፦ የካሊፎርኒያና የአሪዞና ፀረ ስደተኛ ሕዝበ ውሳኔዎች

በካሊፎርኒያ ሕግ የሚወጣው በምክር ቤት ብቻ አይደለም። ከ1911 ጀምሮ (ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዜጎች የሕግ ረቂቅ አዘጋጅተው፣ የተወሰነ ቁጥር ያለው ፊርማ አሰባስበው በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ ማቅረብ ይችላሉ። ጎረቤቷ አሪዞናም በ1912 ግዛት ስትሆን ይኸንኑ መብት በሕገ መንግሥቷ አስፍራለች። የካሊፎርኒያ ሰዎች ይህን መብት ያወጡት ምክር ቤቱን በእጁ አስገብቶ የነበረውን የባቡር ኩባንያ ጉልበት ለመስበር ነበር። ነገር ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፊርማ ለማሰባሰብ ድርጅትና ገንዘብ ያስፈልጋል። መራጩ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የሚያነበው የረቂቁን ይዘት ነው፤ ረቂቁን የጻፈው ሰው ደመወዙን ከማን እንደሚያገኝ አያይም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በስደተኞች ላይ ያነጣጠሩ ረቂቆች ሲቀርቡ ጽንፈኞች የገቡት በዚህ ክፍተት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለቱም ግዛቶች ርቆ በሚቺጋን ነው። ዶክተር ጆን ታንተን ፔቶስኪ በምትባል የሐይቅ ዳር ትንሽ ከተማ የዓይን ሐኪም ነበሩ። ወደ ስደተኞች ጉዳይ የገቡት በተፈጥሮ ጥበቃ በኩል ሲሆን፣ የሕዝብ ቁጥር ዕድገት እንዲገታ የሚሠራውን ዜሮ ፖፑሌሽን ግሮውዝ የተባለ ድርጅት ከ1975 እስከ 1977 በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። በ1979 የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ፌዴሬሽንን፣ በምህፃሩ ፌርን መሠረቱ። ፌር የተነሣው በሰነድ አልባው ስደተኛ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ሕጋዊው ፍልሰትም እንዲቀንስ ይሠራ ነበር። ኢትዮጵያውያን ዲቪ የሚሉትና በ1990 በወጣው ሕግ የተፈቀደው የዕጣ ቪዛ እንዲሰረዝ ለዓመታት ከወተወቱት አንዱ ይኸው ድርጅት ነው።

ከ1985 እስከ 1994 ባለው ጊዜ ፌር ከፓዮኒር ፈንድ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተቀብሏል። ፓዮኒር ከለጋሾቹ ሁሉ ትልቁ አልነበረም፤ የሜለን ቤተሰብ ወራሽ የነበሩት ኮርዴሊያ ስኬፍ ሜይ ለታንተን ድርጅቶች የሰጡት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የፓዮኒርን ገንዘብ ከሌላው የሚለየው የመጣበት ታሪክ ነው። ፈንዱን በ1937 ያቋቋሙት የጨርቃ ጨርቅ ሀብት ወራሹ ዊክሊፍ ድሬፐር ነበሩ። የመተዳደሪያ ሰነዱ በመጀመሪያዎቹ 13 ግዛቶች የሰፈሩ ነጮች ተወላጆችን እንዲያግዝ ያዝዝ ነበር፤ «ነጭ» የሚለው ቃል ከሰነዱ የወጣው በ1985 ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሃሪ ላፍሊን ደግሞ ዩጀኒክስ የተባለው የዘር ማጥራት አስተሳሰብ ዋና ሰባኪ ነበሩ። በናዚ አገዛዝ ሥር የነበረው የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ በ1936 የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል።

ላፍሊን ለአሜሪካ ምክር ቤት የስደተኞች ጉዳይ ኮሚቴ የዩጀኒክስ ባለሙያ ሆነው ያቀረቡት ምስክርነት የ1924ቱን የኮታ ሕግ ከደገፉት መከራከሪያዎች አንዱ ነበር። ያ ሕግ ለጀርመን በዓመት 51,227 ሰው ሲፈቅድ ለኢትዮጵያ የፈቀደው 100 ብቻ ነው። በትውልድ አገር የሚለካው ይህ የኮታ ሥርዓት እስኪሻር ድረስ፣ እስከ 1965፣ ከአፍሪካ በስደት ወደ አሜሪካ የሚገባው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። በ1980ዎቹ ፌር የተቀበለው ገንዘብ እንግዲህ የቆየ ሐሳብ ይዞ የመጣ ገንዘብ ነው።

የመጀመሪያው የድምፅ ዘመቻ የተካሄደው በቋንቋ ስም ነበር። ታንተን በ1983 ከቀድሞው የካሊፎርኒያ ሴናተር ኤስ. አይ. ሃያካዋ ጋር ሆነው ዩ.ኤስ. ኢንግሊሽ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ሃያካዋ ካናዳ ውስጥ ከጃፓናውያን ወላጆች የተወለዱ፣ ራሳቸውም ስደተኛ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ድርጅቱን በዘረኝነት መጠርጠር ለብዙዎች ከባድ የሆነውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በ1986 እንግሊዝኛን የካሊፎርኒያ ይፋዊ ቋንቋ ያደረገው፣ ፕሮፖዚሽን 63 የተባለው ረቂቅ በ73 በመቶ ድምፅ አለፈ።

በዚያው ዓመት ታንተን ለቅርብ ወዳጆቻቸው ብቻ የታሰበ ማስታወሻ ጽፈው ነበር። በማስታወሻው ላቲን አሜሪካውያን የጉቦ ልማድ ይዘው ይመጡ እንደሆነ፣ ብዙ ይወልዱ እንደሆነ፣ ነጮችም የፖለቲካ ሥልጣን ከእጃቸው ሲወጣ በሰላም ይቀበሉት እንደሆነ ይጠይቃሉ። ማስታወሻው በ1988 የአሪዞናው የቋንቋ ረቂቅ፣ ፕሮፖዚሽን 106፣ ድምፅ ሊሰጥበት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በጋዜጣ ወጣ። የዩ.ኤስ. ኢንግሊሽ ፕሬዚዳንት ሊንዳ ቻቬዝ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ዝነኛው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ዋልተር ክሮንካይት ከአማካሪ ቦርዱ ወጡ፤ ታንተንም ከሊቀመንበርነት ተነሡ። በዚያው ቀን በፍሎሪዳ ተመሳሳይ ረቂቅ ከ80 በመቶ በላይ ድምፅ ሲያገኝ የአሪዞናው ያለፈው በ50.5 በመቶ ነው። ሕዝብ ከረቂቁ ጀርባ ያለውን ሰው ሲያውቅ የሚያመጣውን ልዩነት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ቁጥር አይገኝም። ረቂቁን የአሪዞና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 ሽሮታል።

ከሁሉም የገነነው ግን የካሊፎርኒያው ፕሮፖዚሽን 187 ነበር። ረቂቁ ሲቀርብ የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቃት የጦር መሣሪያና የአውሮፕላን ፋብሪካዎችን አቀዝቅዞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሥራ ወጥተዋል፤ የግዛቲቱም በጀት ተናግቷል። ረቂቁ ሰነድ የሌላቸው ሰዎች ከሕዝብ ትምህርት ቤት፣ ከድንገተኛ በቀር ከሕክምናና ከማኅበራዊ ድጎማ እንዲታገዱ የሚል ነበር። መምህሩ፣ ሐኪሙና ፖሊሱ የሚጠረጥሩትን ሰው ለባለሥልጣን እንዲጠቁሙም ያስገድዳል። ልጆችን ከትምህርት ቤት ማባረር ግን የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በቴክሳስ ጉዳይ በግልጽ የከለከለው ነበር።

ከረቂቁ ዋና አዘጋጆች አንዱ የሬገን ዘመን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት አለን ኔልሰን ሲሆኑ፣ ከዚያ ቀደም በካሊፎርኒያ ለፌር ተከፋይ ወትዋች ሆነው ሠርተዋል። ከፓዮኒር ፈንድ ጋር ያለው ትስስር ለዘመቻው በቀጥታ በተጻፈ ቼክ ሳይሆን በዚህ መንገድ የመጣ ነው፤ ተቃዋሚዎቹም በማስታወቂያቸው ይህን አጋለጡ። ሌላዋ የዘመቻው መሪ ባርባራ ኮ የነጭ የበላይነት አራማጅ የሆነው የወግ አጥባቂ ዜጎች ምክር ቤት አባል መሆናቸውን ከጊዜ በኋላ ራሳቸው አምነዋል።

ጥቅምት 1994 በሎስ አንጀለስ 70 ሺህ ያህል ሰው ሰልፍ ወጣ፤ ተማሪዎች ክፍላቸውን ጥለው ወጡ። ረቂቁ ግን ኅዳር 8 ቀን በ59 በመቶ አለፈ። ከጥቁሮችና ከእስያ ዝርያ ካላቸው መራጮችም ግማሽ ያህሉ ደግፈውታል። እነዚህን ሁሉ ጽንፈኞች ማለት ስሕተት ብቻ ሳይሆን በደልም ነው፤ ብዙዎቹ ሥራና ግብር ያሳሰባቸው ሰዎች ነበሩ። በደሉን የፈጸሙት ጭንቀታቸውን ለሌላ ዓላማ ያዋሉት ናቸው። ዳኛ ማሪያና ፌልዘር ሕጉን ወዲያው አገዱት፤ በ1997ም ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ነው ብለው ወሰኑ። በ1999 ገዥው ግሬይ ዴቪስ ይግባኙ እንዲቋረጥ ተስማሙ። ፌር በበኩሉ ከ1994 ወዲህ ከፓዮኒር አልተቀበለም።

ፕሮፖዚሽን 187 ካለፈ አሥር ዓመት ቆይቶ በአሪዞና ፕሮፖዚሽን 200 ቀረበ። ለመራጭነት መመዝገብ የፈለገ የዜግነት ማስረጃ፣ ድምፅ ሊሰጥ የመጣም መታወቂያ እንዲያሳይ፣ የመንግሥት ሠራተኞችም ሰነድ አልባዎችን እንዲጠቁሙ የሚል ነበር። ፌር ለፊርማ ማሰባሰቢያው ገንዘብ አቀረበ። ድምፁ ሊሰጥ ጥቂት ወራት ሲቀሩ የዘመቻው ብሔራዊ አማካሪ ቦርድ ሰብሳቢ ቨርጂኒያ አበርነቲ፣ ጡረታ የወጡ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ ከወግ አጥባቂ ዜጎች ምክር ቤት ጋር እንደሚሠሩ ታወቀ። እርሳቸውም አላስተባበሉም፤ ዘሮች ተለያይተው መኖር አለባቸው ብለው እንደሚያምኑ በግልጽ ተናገሩ። ፌር ራሱ ከቦታቸው እንዲነሡ ጠየቀ፤ የዘመቻው ሊቀመንበር ግን አላሰናበቷቸውም። ረቂቁ በ56 በመቶ አለፈ። አበርነቲን በ2012 የነጭ ብሔርተኞች ፓርቲ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ዕጩ አድርጎ አቀረባቸው። በ2013 የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ7 ለ2 ድምፅ፣ አሪዞና በፌዴራሉ ቅጽ ከሚመዘገብ መራጭ ተጨማሪ የዜግነት ማስረጃ መጠየቅ እንደማትችል ሲወስን፣ በምርጫ ጣቢያ መታወቂያ የማሳየቱ ግዴታ ግን በሥራ ላይ ቆየ።