የእጅ ሰዓት፤ የመልክና የአገልግሎት ሙግት

«ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» የሚለው ያገራችን ተረት ስለ ምግብ የተነገረ ቢሆንም፣ የሰው ልጅ ለመሣሪያዎቹ ያለውን አመለካከትም በሚገባ ይገልጻል። አንድ ዕቃ ሥራውን መሥራቱ ብቻ አይበቃንም፤ ዓይናችንም ድርሻውን ይጠይቃል። ስለዚህም አዲስ መሣሪያ ገበያ ላይ በዋለ ቁጥር ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን ውበት የሻጭ ወጥመድ ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ ያላማረ ዕቃ ከመሳቢያ ስለማይወጣ ውበት ራሱ አገልግሎት ነው ይላል። ሁለቱም ወገኖች መልክንና አገልግሎትን በአንድ ሚዛን ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሸክሞች አድርገው ይገምታሉ፤ አንዱ ሲከብድ ሌላው የግድ የሚቀል ይመስላቸዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነገሩ እንደዚያ አለመሆኑን በአንዲት ትንሽ መሣሪያ፣ ማለትም በእጅ ሰዓት ታሪክ ማሳየት ነው። የእጅ ሰዓት ከጌጥም ከመሣሪያም የሚመደብ ዕቃ በመሆኑ ለጥያቄያችን የተመቸ ምስክር ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የእጅ ሰዓት በመጀመሪያ የታወቀው በሴቶች አምባርነት ነው። የስዊስ ሰዓት ሠሪዎች የሆኑት ፓቴክ ፊሊፕ በ1868 ለአንዲት የሀንጋሪ መኳንንት ወይዘሮ የሠሩት ባለ አምባር ሰዓት ከቀደምቶቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። በዚያን ዘመን የወንድ ሰዓት የሚባለው በሰንሰለት ታስሮ ከሰደርያ ኪስ የሚቀመጠው ነበር። በእጅ አንጓ ላይ የታሰረ ሰዓት ወንዱን ጌጠኛ ያስመስለዋል ተብሎ ይናቅ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጠቃሚ የሆነውን አሳብ ለብዙ ዓመታት ያዘገየው የቴክኒክ እጦት ሳይሆን የመልክ አስተያየት መሆኑ ነው።

ይህን አስተያየት የለወጠው የሥራ ግዴታ ነው። ብራዚላዊው አየር አብራሪ አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን፣ ሁለት እጆቹ መሪ ላይ ሳሉ ከኪሱ ሰዓት ማውጣት እንደሚያስቸግረው ለወዳጁ ለሉዊ ካርትዬ በነገረው ጊዜ፣ ካርትዬ በ1904 በእጅ የሚታሰር ሰዓት ሠራለት። ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው የዓለም ጦርነት ደግሞ ነገሩ የብዙ ሺህ ሰዎች ጉዳይ ሆነ። መድፍ የሚተኮሰውና እግረኛ ጦር ከምሽግ የሚወጣው በደቂቃ ተለክቶ ስለ ነበር፣ አንድ እጁ መሣሪያ የያዘ መኮንን ኪሱን የሚፈትሽበት ጊዜ አልነበረውም። ለጨለማ ንባብ ቁጥሮቹ በራዲየም ቀለም ተቀቡ፤ መስተዋቱም እንዳይሰበር በላዩ የብረት ፍርግርግ ተደረገለት። ከጦርነቱ በኋላ ወታደሩ ሰዓቱን በእጁ እንዳሰረ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ትናንት የተናቀው ጌጥም የጀግንነት ምልክት ሆነ።

እንግዲህ የእጅ ሰዓት በሕዝብ ዘንድ ተቀባይነት ያገኘበት ምክንያት አንድ ነው፤ እጅን ማስፈታቱ። የኪስ ሰዓት ለማየት አንድ እጅ ያስፈልጋል፤ የእጅ ሰዓትን ለማየት ግን ዓይን ብቻ ይበቃል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ሁሉ በዚህ መለኪያ ሊመዘን ይችላል።

የጃፓኑ ሴይኮ ኩባንያ ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 «አስትሮን» የተባለውን የመጀመሪያውን ባለ ኳርትዝ የእጅ ሰዓት በቶኪዮ ለሽያጭ አቀረበ። ኳርትዝ የተባለው ድንጋይ ኤሌክትሪክ ሲነካው በማይዛነፍ ፍጥነት ይንቀጠቀጣል። ዛሬ በተለመደው የእጅ ሰዓት ውስጥ ያለው ኳርትዝ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ይህም ቁጥር 15 ጊዜ በተከታታይ ለሁለት ሲከፈል በትክክል አንድ ይሆናል። ሰዓቱ አንዲት ሰከንድ የሚቆጥረው በዚህ ዘዴ ነው። አስትሮን በወር ከአምስት ሰከንድ በላይ እንደማይዛነፍ ተነገረለት፤ ዋጋው ግን 450,000 የን ነበር። የሰዓቱ መልክ ከቀድሞዎቹ አይለይም፤ ቆጣሪዎቹና ቁጥሮቹ እንዳሉ ነበሩ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በሆዱ ውስጥ እንጂ በፊቱ አልነበረም።

ሚያዝያ 4 ቀን 1972 የአሜሪካው ሐሚልተን ኩባንያ ለሽያጭ ያቀረበው «ፑልሳር» ግን ፊቱንም ለወጠ። ይህ ሰዓት ቆጣሪም ሆነ ሌላ የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም። በ18 ካራት ወርቅ ውስጥ ጥቁር የመሰለ ቀይ መስተዋት ተገጥሞበታል፤ በጎኑ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት ሰዓቱ በቀይ ብርሃን አሃዞች ብልጭ ይላል። ዋጋው 2,100 ዶላር ነበር፤ ይህም በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የአንዲት ትንሽ አዲስ መኪና ዋጋ ያህል ነው። በ1973 በወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም ተዋናዩ ሮጀር ሙር የዚሁ ሰዓት ተከታይ የሆነውን ሞዴል አስሮ ታየ፤ የዘመናዊነት ጥግ ተደርጎም ተቆጠረ።

ነገር ግን አሃዞቹን የሚያበሩት ኤል.ኢ.ዲ የተባሉት መብራቶች ባትሪ ይጨርሳሉ። ሳያቋርጡ እንዲበሩ ቢደረግ ኖሮ ባትሪው ረጅም ጊዜ ባልቆየ ነበር። ስለዚህ ሰዓቱ ካልተጫኑት በቀር ጨለማ ነው፤ ሲጫኑትም ከአንድ ሰከንድ ትንሽ አልፎ ተመልሶ ይጠፋል። በጠራራ ፀሐይ ደግሞ ብርሃኑ በግድ ነው የሚታየው። ከሁሉ በላይ፣ አንድ እጅ ሰዓቱን ስለ ተሸከመ ቁልፉን ለመጫን ሌላው እጅ ያስፈልጋል። ዕቃ የያዘ፣ መሪ የጨበጠ ወይም ልጅ ያቀፈ ሰው ሰዓቱን ማየት አይችልም። ሳንቶስ ዱሞን ያማረረበት ችግር ከ68 ዓመት በኋላ በወርቅ ተለብጦ ተመለሰ ማለት ነው።

ይሁንና ገዢዎቹን ሞኞች ናቸው ብሎ መናቅ ትክክል አይሆንም። እነርሱ የገዙት ሰዓት ማወቂያ ብቻ አልነበረም፤ ሊመጣ ያለውን ዘመን ቀድመው መያዛቸውን ነው። ችግሩ ይህን የመሰለው ክብር የሚኖረው ዕቃው ብርቅ እስከ ሆነ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። በ1976 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው ኩባንያ ተመሳሳይ መብራት ያለው የፕላስቲክ ሰዓት በ20 ዶላር ገደማ ሲሸጥ ብርቅነቱ ጠፋ፤ የቀረው ሁለት እጅ የመጠየቁ ነገር ብቻ ሆነ። በሌላ በኩል ሴይኮ በ1973 ያወጣው በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠራው ማሳያ፣ ማለትም ኤል.ሲ.ዲ፣ ድንግዝግዝ ያለና እንደ ፑልሳር የማያብለጨልጭ ሆኖ ሳለ፣ ቀኑን ሙሉ ሳይነካ ሰዓቱን ያሳይ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ባለ ቀይ መብራቱ ሰዓት ከገበያ ወጣ። የፑልሳር ስምም በኋላ ከሴይኮ እጅ ገባ።

እዚህ ላይ «አገልግሎት አሸነፈ» ብለን ብንደመድም ቀላል ነበር፤ የስዊስ ታሪክ ግን እንዲህ እንድንቸኩል አይፈቅድም። በ1970 በስዊስ የሰዓት ኢንዱስትሪ ወደ 90,000 ገደማ ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ግን የቀሩት ከ30,000 ብዙም አይበልጡም። ርካሹ የኳርትዝ ሰዓት ከውዱ ባለ ሞላ ሰዓት የበለጠ ትክክለኛ በመሆኑ፣ ለብዙ ትውልድ ልጅ ከአባት የወረሰው የእጅ ሙያ በአሥር ዓመት ተኩል ውስጥ ዋጋ አጣ። ይህ የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በተራራ ሥር ያሉ ከተሞች በሙሉ ከዚህ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም።

መጋቢት 1 ቀን 1983 በዙሪክ ለሕዝብ የቀረበው «ስዋች» ኢንዱስትሪውን ካዳኑት ነገሮች ዋነኛው ሆነ። ብዙ ሰው ስዋችን የሚያስታውሰው በቀለማቱ ነው፤ ከልብስ ጋር እየተመሳሰለ የሚለወጥ፣ ከአንድ በላይ የሚገዛ፣ የፕላስቲክ ጌጥ። በእርግጥም በመልክ አሸነፈ። ይሁን እንጂ ከመልኩ በፊት የመሐንዲሶች ሥራ ነበር። በተለመደው ባለ ኳርትዝ ሰዓት ውስጥ 90 ያህል ክፍሎች ሲኖሩ በስዋች ውስጥ ያሉት 51 ብቻ ነበሩ። የሰዓቱ ቀፎ ጀርባ ራሱ ማሽኑ የሚቀመጥበት መሠረት ሆኖ ስለ ተሠራ ሥራው በአብዛኛው በማሽን ሊከናወን ቻለ፤ ዋጋውም ከ50 የስዊስ ፍራንክ በታች ሆነ። ሰዓት በትክክል መቁጠር ርካሽ በሆነበት ዓለም ሰዎቹ ትክክለኛነትን እንደ ተሟላ ቆጥረው ቀሪውን ድካማቸውን ለመልክ ሰጡ። ስለዚህ በስዋች ዘንድ መልክ ከአገልግሎት አልሰረቀም፤ አገልግሎት ከተረፈው ተካፈለ።

ሆኖም ስዋችም ያስከፈለው ዋጋ አለ። መስተዋቱ ከቀፎው ጋር ተበይዶ ስለሚዘጋ ከባትሪ በቀር የሚለወጥ ነገር የለውም። በየከተማችን መንገድ ዳር በትንሽ የመስተዋት ሣጥን ፊት ተቀምጠው አጉሊ መነጽር ዓይናቸው ላይ አድርገው የሚሠሩት ሰዓት ሠሪዎች እንዲህ ላለው ሰዓት ሊረዱት የሚችሉት ባትሪ በመለወጥ ብቻ ነው። የተበላሸው ይጣላል። የስዊስን ሠራተኛ ያዳነው ዘዴ የጠጋኙን እንጀራ የሚያሳንስ ሆነ።

በዚያው በ1983 በጃፓን ካሲዮ ያወጣው «ጂ ሾክ» ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ነው። መሐንዲሱ ኪኩዎ ኢቤ የአባቱ ስጦታ የሆነ ሰዓት ወድቆ ስለ ተሰበረበት የማይሰበር ሰዓት ለመሥራት ተነሣ። ግቡ ከ10 ሜትር ቢወድቅ የማይጎዳ፣ 10 ባር የውሃ ግፊት የሚችልና ባትሪው 10 ዓመት የሚቆይ ሰዓት ነበር። ውጤቱ ወፍራምና ሻካራ በመሆኑ በጊዜው የነበረውን የስስ ሰዓት ፋሽን ይቃረን ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ይኸው ሻካራነት ራሱ ፋሽን ሆነ። ካሲዮ በ1989 ያወጣው ኤፍ 91 ደብልዩ ደግሞ ክብደቱ 21 ግራም ያህል፣ ባትሪው እስከ ሰባት ዓመት የሚያገለግል ርካሽ ሰዓት ሲሆን፣ እስከ ዛሬ መልኩ ሳይለወጥ ይሸጣል። ማንም ሊያስጌጠው አልሞከረም፤ ሰው ግን ወደደው።

ስለ አገልግሎት ስንናገር አገልግሎቱ ለማን እንደ ሆነ መጠየቅም ያስፈልጋል። ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ ለምንቆጥረው ለእኛ፣ ባለ ቆጣሪው ሰዓት ሳይታሰብ የተገኘ ምቾት አለው። በውጭ አቆጣጠር ስምንትን ሲያመለክት በትይዩው ያለው ቁጥር ሁለት ነው፤ ቆጣሪው በፊቱ የውጩን፣ በጀርባው ያገራችንን ሰዓት ያሳያል። ባለ አሃዙ ሰዓት ግን ወይ ስድስት እየቀነሱ ወይም እየደመሩ እንዲያሰሉ፣ ወይም ባገራችን አቆጣጠር ሞልተውት የቀን መቁጠሪያውን ችላ እንዲሉት ያስገድዳል። ያ መቁጠሪያ ጳጉሜንን አያውቅም፤ ወሮቻችንም ሁሉ ሠላሳ ቀን መሆናቸውን አልተማረም። ይህን ጉድለት ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም። ነገር ግን አዲሱ ነገር ለሁሉም የተሻለ ነው የሚለው አስተያየት ምን ያህል የሠሪውን አገር ልማድ ይዞ እንደሚመጣ ያሳየናል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ2015 አፕል ኩባንያ የእጅ ሰዓት አወጣ፤ ከዓይነቶቹም አንዱ ባለ 18 ካራት ወርቅ ሆኖ ዋጋው ከ10,000 ዶላር ይጀምር ነበር። ባትሪው ለ18 ሰዓት እንዲያገለግል የታሰበ ስለ ነበር በየሌሊቱ ኤሌክትሪክ ላይ መሰካት ነበረበት። ኃይል ለመቆጠብም ባለቤቱ እጁን ካላነሣ ወይም ካልነካው ፊቱ ጨለማ ነው። ሳይነካ ዘወትር የሚታይ ሞዴል የወጣው በ2019 ነው። ፑልሳርን ያየ ሰው ይህን ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከዚያ የከፋው ግን፣ በ2018 የወጣው አዲስ ሶፍትዌር የመጀመሪያውን ትውልድ ሰዓት የማይቀበል መሆኑ ነው። ወርቁ ምንም ሳይዝግ ሆዱ በሦስት ዓመት አረጀ። ቀድሞ የወርቅ ሰዓት የሚገዛው ለልጅ ለማውረስ ነበር። በእርግጥ ይኸው ዓይነት ሰዓት የልብ ምትን በመቁጠርና ወድቆ ላልተነሣ ሰው እርዳታ በመጥራት የቀድሞዎቹ ያልሠሩትን ሥራ ይሠራል። ጥፋቱ የአሳቡ ሳይሆን፣ ቶሎ የሚያረጀውን ነገር በማያረጀው መጠቅለሉ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው መልክና አገልግሎት የግድ ጠላቶች አለመሆናቸውን ነው። የስዋች መልክ በአገልግሎት ላይ ተጨመረ፤ የጂ ሾክ መልክ ከአገልግሎት ተወለደ፤ የፑልሳር መልክ ግን ሒሳቡን ለባለቤቱ እጅ አስተላለፈ። እንግዲህ በሙያችን ዕቃ የምንነድፍ፣ የምንመርጥ ወይም ለመሥሪያ ቤታችን የምናስገዛ ሁሉ ልንጠይቅ የሚገባን «ያምራል ወይስ ይሠራል» ብለን አይደለም። የውበቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ሠሪው በድካሙ ከከፈለው፣ ዕቃው ይከበራል። ተጠቃሚው በእጁ፣ በጊዜውና በየሌሊቱ ጥበቃ የሚከፍለው ከሆነ ግን፣ ዕቃው ምንም ያህል ቢያብለጨልጭ፣ አገልጋይ መስሎ የገባ ጌታ ነው።