ከተጠየቅ እስከ ምስለ ችሎት፦ የማስረጃና የክርክር ሥርዓት በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር

ተማሪዎች ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃና ምስክር ሆነው የሚከራከሩበት የምስለ ችሎት ውድድር ከውጭ የመጣ ልማድ ቢመስልም፣ ሙግትን በአደባባይ አይቶ መማር በኢትዮጵያ የቆየ ነገር ነው። በተጠየቅና በበልሃ ልበልሃ ሥርዓት ባለጉዳዮች በዳኛው ፊት ቆመው እየተጠያየቁ፣ ዋስ እየጠሩ፣ በማር ወይም በበቅሎ እየተወራረዱ ይሟገቱ ነበር። በዙሪያው የቆመው ሕዝብም ከነልጆቹ ያዳምጥ ስለነበር፣ አደባባዩ ያለ መምህር የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበር ለማለት ይቻላል።

ሥርዓቱ ግን አንደበተ ርቱዕ ለሆነ ሰው ያደላ ነበር። ካፋ በ1889–1890 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ ከተያዘች በኋላ፣ በዛሬዎቹ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ አካባቢ የሚኖረው የቤንች፣ የሸኮና የሸካ ሕዝብ በገባርነት ሥር ሲወድቅ ይህ አድልዎ እጥፍ ሆነ። ችሎቱ የሚካሄደው በአማርኛ ነው፤ ፈራጁም ብዙ ጊዜ ያው ሹሙ ነው። ገባሩ ቃሉን የሚያሰማው በአስተርጓሚ አፍ ሲሆን፣ ቅኔና ምሳሌ የሞላበት ተጠየቅ በትርጉም ምን ያህል ኃይሉን እንደሚያጣ ለመገመት አያዳግትም።

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መድረኩን ከንግግር ወደ ምስክር አዞረው። በቁጥር 136 እና 137 እንደተደነገገው፣ ምስክሩን የጠራው ወገን በዋና ጥያቄ የሚጠይቀው ለጉዳዩ አግባብ ስላለውና ምስክሩ ስለሚያውቀው ነገር ብቻ ነው፤ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድም መልሱን የሚጠቁም መሪ ጥያቄ ሊያቀርብ አይችልም። ተቃራኒው ወገን ግን በመስቀለኛ ጥያቄ የተሳሳተውን፣ የሚያጠራጥረውን ወይም ሐሰት የሆነውን ለማሳየት መሪ ጥያቄ መጠቀም ይችላል። ድጋሚ ጥያቄ በመስቀለኛው የተነሣውን ከማብራራት አያልፍም።

የማስረጃ ደንቦች በወቅቱ በአንድ መጽሐፍ ስላልተጠቃለሉ መምህሩ ከየሕጉ መልቀም ይኖርበታል። ለቡና አገር ከሁሉ የሚስማማው ምሳሌ የሚገኘው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። አንድ ነጋዴ ለአንድ ቡና አምራች 600 ብር በሦስት ጎረቤቶች ፊት አበደረ እንበል። ተበዳሪው ቢክድ፣ በአደባባዩ ዘመን ሦስት ምስክር ብርቱ ነበር። በቁጥር 2472 መሠረት ግን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በፍርድ ቤት በሚፈጸም መሐላ ብቻ ነው። ነጋዴው አምራቹ የጣት አሻራ ያኖረበት ወረቀት ቢያመጣስ? ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ቁጥር 1728 ይደነግጋል። እነዚህ ሁለት ድንጋጌዎች ብቻ የሁለት ክፍለ ጊዜ ክርክር ይወጣቸዋል፤ ፊደል መቁጠርና አለመቁጠር በችሎት ምን ዋጋ እንዳለውም ተማሪው ያያል።

የቋንቋው ጥያቄ ዛሬም በቦታው አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጐምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ፣ በሚዛንና በቴፒ የሚዘጋጅ ውድድር ከተዋንያኑ መካከል አስተርጓሚ ቢጨምር፣ ነጥቡንም ከመዝጊያው ንግግር ይልቅ ለመስቀለኛው ጥያቄ ቢያበዛ ለአካባቢው የሚቀርብ ይሆናል።