በደል ያልነበረው ጠብ፦ ሳቅ፣ ቂም እና የእርስ በርስ ጦርነት በ«ዘ ባንሺስ ኦቭ ኢኒሸሪን»

አጽሕሮተ ጥናት

ይህ መጣጥፍ ማርቲን ማክዶና ጽፎ ያዘጋጀውን «ዘ ባንሺስ ኦቭ ኢኒሸሪን» (እ.ኤ.አ. 2022) የተሰኘ ፊልም ይመረምራል። ፊልሙ ብዙ ጊዜ የአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ምሳሌ ተደርጎ ይነበባል። እዚህ የሚቀርበው ክርክር ከዚህ በጥቂቱ ይለያል፦ ፊልሙ የሚያሳየው ያለ በደል የተጀመረ ጠብ የጎደለውን በደል እንዴት ራሱ እንደሚፈጥር ነው። ጥቁር ኮሜዲውም ሆነ ከታሪክ ጋር ያለው ዝምድና ከዚህ ሂደት ይመነጫል።

መግቢያ

ታሪኩ የሚጀምረው ኤፕሪል 1 ቀን 1923 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቦታው ከአየርላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ማዶ የምትገኝ ኢኒሸሪን የተባለች ምናባዊ ደሴት ናት። ቀረጻው የተካሄደው ኢኒሽሞር እና አኪል በተባሉት ደሴቶች ነው። ፓድሪክ (ኮሊን ፋረል) ጥቂት ከብቶች እያረባ ከእህቱ ከሺቮን (ኬሪ ኮንደን) ጋር የሚኖር የዋህ ሰው ነው። በየቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጓደኛውን ኮለምን (ብሬንዳን ግሊሰን) ከቤቱ ጠርቶ አብረው ወደ መጠጥ ቤት ይወርዳሉ። በዚያ ቀን ግን ኮለም በሩን አይከፍትም። ቆይቶም ከእንግዲህ እንደማይወደው ፊት ለፊት ይነግረዋል።

ማክዶና እ.ኤ.አ. በ1970 ለንደን ውስጥ ከአየርላንዳውያን ወላጆች የተወለደ ጸሐፌ ተውኔት ነው። በምዕራብ አየርላንድ ደሴቶች ላይ የተመሠረቱ ተውኔቶችን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲጽፍ ቆይቷል፤ ፋረልን እና ግሊሰንንም በ2008 በ«ኢን ብሩዥ» ፊልሙ አጣምሯቸው ነበር። «ዘ ባንሺስ ኦቭ ኢኒሸሪን» በቬኒስ ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይ እና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማቶችን አግኝቷል፤ ለኦስካር በ9 ዘርፎች ታጭቶ አንዱንም አላሸነፈም።

ሽማግሌ የማይፈታው ጉዳይ

በፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል የደሴቲቱ ሰዎች ፓድሪክን በየተራ የሚጠይቁት ያንኑ ጥያቄ ነው፦ ተጣልታችኋል ወይ? የድግግሞሹ ሳቅ የሚመጣው መልስ ስለሌለው ነው። ፓድሪክ ራሱ ሰክሮ ክፉ ቃል ተናግሮ እንደሆነ ያወጣል ያወርዳል፤ ኮለም ምንም እንዳላደረገው ያረጋግጥለታል። ምክንያቱ ሌላ ነው። ኮለም ዕድሜው እየገፋ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ዜማ ለመድረስ ይፈልገዋል፤ ጓደኛው ደግሞ ስለ ፈረሱ ፋንድያ 2 ሰዓት ሙሉ ሊያወራ የሚችል ሰው ነው።

የችግሩ መነሻ እዚህ ላይ ነው። እርቅ ጥፋት ይፈልጋል። ይቅርታ የሚጠየቀው፣ ካሳ የሚቆረጠው፣ ሽማግሌ የሚላከው አንዱ ሌላውን በድሎ ሲገኝ ነው። ወዳጅነት ሰልችቶኛል ማለት ግን ክስ ስላልሆነ የሚዳኘው አይገኝም። ማክዶና በደሴቲቱ ያሉትን አስታራቂዎች ሁሉ በየተራ ያመጣና ያባክናቸዋል። ቄሱ ኮለምን ሲያናዝዝ ስለ ፓድሪክ ይጠይቀዋል፤ ንስሐው በስድድብ ያልቃል። ፖሊሱ ሕግ ሊያስከብር ቀርቶ የገዛ ልጁን ዶሚኒክን (ባሪ ኪዮጋን) የሚደበድብና የሚያዋርድ ሰው ነው። በደሴቲቱ ሚዛናዊ አእምሮ ያላት ሺቮን ብቻ ናት፤ እርሷም በመጨረሻ በዋናው ምድር የቤተ መጻሕፍት ሥራ አግኝታ ትሄዳለች።

ራስን የመቁረጥ ሥሌት

ፓድሪክ ዝም ማለት ሲያቅተው ኮለም ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፦ ባነጋገርከኝ ቁጥር አንድ ጣቴን በበግ ጠጉር መሸለቻ መቀስ ቆርጬ እሰጥሃለሁ። ዛቻ ብዙውን ጊዜ የሚዛትበትን ሰው አካል ወይም ንብረት ይመለከታል። ኮለም ግን ፓድሪክን የሚያስፈራራው በደግነቱ በኩል ነው፤ ጓደኛው የእርሱን መጎዳት ማየት እንደማይችል ያውቃል። ዛቻው ትርጉም የሚኖረው ፍቅሩ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ወዳጅነቱን ለማፍረስ የተመረጠው መሣሪያ ወዳጅነቱ ራሱ ይሆናል።

ኮለም ዛቻውን ፈጽሞ በመጀመሪያ አንድ ጣቱን፣ ቀጥሎ የቀሩትን አራት ከፓድሪክ በር ላይ ይወረውራል። የሚቆርጠው የግራ እጁን ጣቶች፣ ማለትም የቫዮሊን ክሮችን የሚጫኑትን ነው። ለሙዚቃ ሲል ወዳጁን የተወ ሰው ወዳጁን ለመተው ሲል ሙዚቃ የሚጫወትበትን እጅ ያጣል። ዜማው ተጠናቅቋል፤ ደራሲው ግን ሊጫወተው አይችልም። ቀደም ሲል በመጠጥ ቤቱ ክርክር ላይ ኮለም ደግ ሰው እንደሚረሳ፣ ሞዛርት ግን እንደሚታወስ ተናግሮ ሺቮን የሞዛርትን ክፍለ ዘመን አርማዋለች። የዘላለም ስም ጠበቃው የሚያስታውሰውን ሰው ዘመን እንኳ በትክክል አላስታወሰም።

ፓድሪክም በተራው የሚሟገትለትን ነገር ያጠፋል። የኮለምን አዲስ ባልንጀራ፣ አንድ የሙዚቃ ተማሪ፣ አባትህን የዳቦ መኪና ገጨው ብሎ ዋሽቶ ከደሴቲቱ ያባርረዋል። ይህን የሰማው ዶሚኒክ ከሁሉ ደግ አድርጎ ያየው ሰው እንደሌላው መሆኑን ተረድቶ ይርቀዋል። ኮለም ደግነት አይዘልቅም ብሎ ነበር፤ ፓድሪክ በገዛ ተግባሩ ይመሰክርለታል።

በደሉ ሲገኝ

የፊልሙ መታጠፊያ ጄኒ የተባለችው የፓድሪክ አህያ ሞት ነው። ከተወረወሩት ጣቶች አንዱ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ትሞታለች። ኮለም ይህን አላሰበም፤ ከልቡም ያዝናል። ለቄሱ ሲናዘዝ፣ እግዚአብሔር ስለ ትንንሽ አህዮች ግድ አለው ብለህ ታስባለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ግድ እንደሌለው እንደሚፈራና ነገሩ ሁሉ የተበላሸውም እዚያ ላይ እንደሆነ ይመልሳል።

ፓድሪክ ግን ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ግራ አይጋባም። እስካሁን ያጣውን ነገር፣ የሚታይና የሚቆጠር በደል፣ አግኝቷል። በማግስቱ 8 ሰዓት ላይ ቤቱን እንደሚያቃጥልበት ለኮለም ይነግረዋል፤ ውሻው ምንም ስላላጠፋ ውጭ እንዲያስቀምጠውም ያሳስበዋል። ቀጠሮው ያው የቀድሞው የመጠጥ ቤት ሰዓት ነው። ጥቁር ኮሜዲው ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው በዚህ ትሕትና ውስጥ ነው፤ ቃጠሎው እንደ ጉርብትና ጉዳይ አስቀድሞ ይነገራል። ኮለምም በተራው ቀደም ሲል ፖሊሱ ፓድሪክን መትቶ ሲጥለው አንሥቶ በጋሪ ወደ ቤቱ ሸኝቶታል፣ አንድ ቃል ግን አልተነፈሰም። በሁለቱ መካከል ጥላቻ ለማግኘት የሚፈልግ ተመልካች ብዙ ይደክማል።

ማዶ ያለው ጦርነት

ከባሕሩ ማዶ የተኩስ ድምፅ ይሰማል። ፖሊሱ የሞት ቅጣት ሲፈጸም ለመገኘት ወደ ዋናው ምድር ይሄዳል፤ ገዳዩ የትኛው ወገን፣ ተገዳዩ የትኛው እንደሆነ ግን ግድ አይሰጠውም፤ ለእርሱ ቁም ነገሩ አበሉ ነው። በአየርላንድ አንዳንድ ተቺዎች ማክዶና ደሴተኞቹን የዋህና ጨካኝ ባላገር አድርጎ በመሣል፣ ጦርነቱንም ጌጥ በማድረግ ነቅፈውታል። የመጀመሪያው ነቀፋ ሚዛን የሚደፋ ነው። ሁለተኛው ግን የሁለቱን ጠቦች አካሄድ ስናስተያይ ይላላል።

የአየርላንድ እና የብሪታኒያ ስምምነት በጃንዋሪ 1922 በአየርላንድ ምክር ቤት በ64 ለ57 ድምፅ ሲጸድቅ ተቃራኒ ወገኖቹ የትናንት የትግል ጓዶች ነበሩ። ልዩነታቸው ለንጉሡ ስለሚፈጸመው ቃለ መሐላ እና ስለ ነጻነቱ መጠን ነበር፤ በክርክር ሊያዝ የሚችል ልዩነት ነው። ጠቡ ወደ ጦርነት ካመራ በኋላ ግን በደሉ ተፈጠረ፦ በዲሴምበር 8 ቀን 1922 መንግሥት አንድ የምክር ቤት አባል ለተገደለበት ብቀላ አራት እስረኞችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከነርሱ አንዱ ሮሪ ኦኮነር ነበር። ውሳኔውን ካጸደቁት ሚኒስትሮች አንዱ ኬቨን ኦሂጊንስ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኦክቶበር ባገባ ጊዜ አንደኛ ሚዜው ይኸው ኦኮነር ነበር። ጦርነቱ በሜይ 1923 እስኪያበቃ መንግሥት የረሸናቸው ከ75 በላይ ናቸው።

ቃለ መሐላው በ1930ዎቹ ከሕግ ተሰረዘ። ከሁለቱ ወገኖች የተወለዱት ፊያና ፎል እና ፊነ ጌል የተባሉት ፓርቲዎች ግን አንድ ላይ መንግሥት ለመመሥረት እስከ 2020 ጠበቁ። ያጣላቸው ጉዳይ ቀድሞ ሞተ፤ በጠቡ ውስጥ የተፈጠረው በደል ከጉዳዩ ረጅም ዕድሜ ኖረ።

መደምደሚያ

በመጨረሻው ትዕይንት ሁለቱ ሰዎች በባሕር ዳር ይነጋገራሉ። ኮለም ቤቱ መቃጠሉ ሒሳቡን እንደሚያስተካክል ተስፋ ያደርጋል፤ ፓድሪክ ግን አንዳንድ ነገር የማይታለፍ መሆኑን፣ ይህም መልካም እንደሆነ ይመልሳል። ፊልሙ ሲከፈት ኮለም ለፓድሪክ የሚለው ነገር አልነበረውም፤ ሲዘጋ የሚነጋገሩበት ጉዳይ አላቸው። ቂም ኩርፊያ የነፈጋቸውን ግንኙነት መልሶላቸዋል።

ማክዶና ይህን እንደ ድል አያቀርበውም፤ ጄኒ ሞታለች፣ ዶሚኒክ ሐይቅ ውስጥ ተገኝቷል፣ ሺቮን ሄዳለች። ከፊልሙ የሚወጣው ትምህርት ስለ ማኅበረሰብ ነው። ወዳጅነት ያለ ጥፋት ሊያበቃ እንደሚችል የሚቀበል ሥርዓት በሌለበት ቦታ የተተወው ሰው መከዳቱን የሚያስረዳበት ቋንቋ ስለማይኖረው በደል እስኪያገኝ ድረስ ይፈልጋል። ሲያገኘውም ከመነሻው ጉዳይ ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል።