የእጅ ጥላ

ጠጋ በሉና ልንገራችሁ። ነገሩ የሆነው ደብረ ብርሃን ነው፤ ለመስቀል አንድ ሳምንት ሲቀረው። ስምንት የ45 ቀን ጫጩቶች ገዛሁ። ሻጩ እያንዳንዷን ከሣጥኑ በእግሯ እየመዘዘ፣ ቁልቁል እያንጠለጠለ አቀበለኝ። ያን ጊዜ ዝም አልኩ። ዛሬ ቢሆን እጁን እይዘው ነበር። ዶሮ እንደ እኛ ደረቱን ከሆዱ የሚለይ ጡንቻ የለውም፤ ተዘቅዝቆ ሲንጠለጠል የሆድ ዕቃው መተንፈሻውን ይጫነዋል። እነዚያ ጫጩቶች የሰው እጅን የተዋወቁት እንግዲህ እንዲያ ነው።

ጓሮ ብለቃቸው ተበተኑ። አንዷ እንጨት ክምር ውስጥ፣ ሁለቱ አጥር ጥግ፣ የቀሩት እርስ በርስ ተደራርበው በር ሥር። እህል ይዤ ጎንበስ ስል መሬት ላይ ልጥፍ ይላሉ፤ አንድ እርምጃ ስጨምር ጩኸቱ ሰፈር ያናውጣል። የባሰችው አንገተ መላጣዋ ነበረች። እኔን ስታይ ግድግዳውን እንኳ አታይም፤ ሄዳ ትላተማለች። ማታ ማታ ደግሞ ወደ ቤታቸው ለማስገባት አሳድዳቸዋለሁ። በአራተኛው ቀን የበሩን ድምፅ ሲሰሙ ገና መብላታቸውን ትተው ተደበቁ። ተቀምጬ ማልቀስ ብቻ ቀረኝ።

ጎረቤቴ እማማ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያዩኝ ከርመዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ጭልፊት ሆነሽባቸዋል እኮ!» አሉኝ።

«እህል እየሰጠኋቸው፣ እማማ?»

«እጅሽ በየት በኩል ነው የሚመጣው? ከላይ አይደል? ከላይ የመጣ ነገር ለጫጩት መቼ ደግ ሆኖ ያውቃል? ዱካሽን አውጪና ቁጭ በይ። አትያዣቸው፣ አትከተያቸው፣ አፍጥጠሽም አትያቸው። እነሱ ይዩሽ።»

ቁጭ አልኩ። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ግማሽ ሰዓት። መጀመሪያ ቀን እህሉን ርቄ በተንኩትና ፊቴን ወደ ጎን አዞርኩ። የዶሮ ዓይኖች ግራና ቀኝ ስለተተከሉ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ከኋላው ሾልኬ እደርሳለሁ ማለት ዘበት ነው። ደግሞም ሁለቱ ዓይኖች ሥራ ይከፋፈላሉ። ቀኙ ፍሬውን ከጠጠር ሲለይ፣ ግራው ጠላትን ይቃኛል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ጫጩቶቼ አንገታቸውን ሰበር አድርገው በግራ ዓይናቸው ሽቅብ ሲያዩኝ፣ ገና ፍርድ ላይ መሆኔን እረዳ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ሞከርኩ። በጣቴ ጥፍር መሬቱን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረግሁ። እናት ዶሮ ፍሬ ስታገኝ እየጠራች፣ ፍሬውን አንስታ እየጣለች ነው ልጆቿን መብላት የምታስተምረው። ቀይዋ ጫጩት ቀና አለች። ሁለት እርምጃ መጣች፣ ቆመች፣ ተመለሰች። በማግስቱ ከጫማዬ አጠገብ ለቀመች። ደስታዬን በምን ልንገራችሁ!

ማላመዱ ለምን ይህን ያህል ከበደ ትሉኝ ይሆናል። ደግላስ ስፖልዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ የጫጩቶችን ዓይን ከተፈለፈሉበት ሰዓት ጀምሮ በትንሽ ቆብ ሸፍኖ ያሳድግ ነበር፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1873 አሳተመ። ቶሎ የተገለጡት እንደ እናታቸው ተከተሉት። እስከ አራት ቀን ገደማ ተሸፍነው የቆዩት ሦስቱ ግን ቆቡ ሲነሳላቸው በድንጋጤ ሸሹት። የልብ በር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፍት ነው፣ ከዚያ ይጠብባል። የእኔዎቹ 45 ቀን ሆኗቸው ነው የመጡት።

አንድ ቅዳሜ የእህቴ ልጅ መጣና ትንሿን ጫጩት ይዞ በጀርባዋ አጋደማት። «አክስቴ፣ አስተኛኋት!» አለ። እውነትም አትንቀሳቀስም። ጣቴን ደረቷ ላይ ባስጠጋ ልቧ እንደ ከበሮ ይደልቃል። እንቅልፍ አልነበረም፤ ከአውሬ ጥርስ ማምለጥ ያቃተው ፍጡር የመጨረሻ ዘዴው ነው፣ የሞተ መምሰል። አታናስዮስ ኪርሸር የሚባል ጀርመናዊ ኢየሱሳዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1646 በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ገልጿል። ዶሮዋን እግሯን አስሮ አስተኛትና ከዓይኗ ፊት መሬቱ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ፤ ገመዱን ቢፈታላትም አልተነሳችም። መስመሩ ገመድ መስሏት ነው ብሎ አሰበ። ልጁን አልተቆጣሁትም። እጁን ይዤ ልቧን አስዳሰስኩት፣ ቀስ ብለን አቀናናት። ከዚያ ወዲያ እንደዚያ አላደረገም።

መያዝን የተማርነው በምሽት ነው። ጨለም ሲል የዶሮ ዓይን ይደክማል፣ ቆጥ ላይ ያለች ዶሮ ትረጋጋለች። መዳፌን ከደረቷ በታች፣ ከፊት ለፊት አስገብቼ፣ ክንፎቿን በሌላው እጄ ሰብሰብ አድርጌ ጭኔ ላይ ለትንሽ ጊዜ። ከዚያ ወደ ቆጧ። ቀይዋን ስይዝ የቀሩት ያዩ ነበር፤ ማየታቸውም ቁም ነገር ነው። ብራያን ጆንስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳሳየው፣ ሌላ ጫጩት በሰው እጅ ሲያዝ የሚያዩ ጫጩቶችም ሰውን መፍራታቸው ይቀንሳል።

እንዲህ ቁጭ ስል የጥንቶቹ ትዝ ይሉኛል፤ በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በተባለ ቦታ ከ2500 ዓመት በላይ የቆየ የዶሮ አጥንት ተገኝቷል። በዚያ ዘመንም አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ እህል ስትበትን ትታየኛለች።

አንገተ መላጣዋ ግን እንቢ አለች። ሰባቱ ጣሳዬን ኳ ሳደርግ እየተንደረደሩ ሲመጡ፣ እሷ እንጨቱ ጥግ ቆማ ታያለች። አልጠራኋትም። ከፍግ ክምር ሥር ነጭ ትል እየፈለግሁ ወደ እሷ አቅጣጫ አንዳንድ እጥል ነበር፣ ሳላያት።

ከኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ረፋድ ላይ ነው። ዱካዬ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ቀይዋ ድንገት ጮኸች፤ ቀና ስል ጭልፊት ጓሮው ላይ ያንዣብባል። ጥላው መሬቱን አቋርጦ አለፈ። ሰባቱ እየበረሩ ዱካዬ ሥር ገቡ። አንገተ መላጣዋም የእንጨቱን ክምር ትታ፣ ሜዳውን አቋርጣ ሮጠችና ከቀሚሴ ሥር፣ በሁለቱ እግሮቼ መካከል ተወተፈች። ልቧ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲመታ ይሰማኛል። ሰፌዱን እንደያዝኩ ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ። ጭልፊቱ ከሄደ በኋላ ሌሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። እሷ ቶሎ አልወጣችም።