አማርኛ ሊያስተምሩ ባሕር የተሻገሩ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ በዝቶብኛል። «ቲቸር፣ ሊሄዱ ነው የሚባለው እውነት ነው?» የሚል። ወሬው ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ወጥቶ ተማሪ ጆሮ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ የሚኖር አንድ ዘመዴ፣ እሱ ባለበት ከተማ የሐበሻ ልጆች ቅዳሜና እሁድ አማርኛ የሚማሩበት ቦታ እንዳለ ነገረኝና «አስተማሪ ይፈልጋሉ፣ ለምን አትሞክርም?» አለኝ። ሞከርኩ፣ ማስረጃዎቼን ላክሁ። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ዲግሪ አለህ ወይ?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ እንደምታውቁኝ የዲፕሎማ ሰው ነኝ። እስካሁን መልስ አልመጣም። በቃ፣ ያለው ይኸው ነው።

መልሱን እየጠበቅሁ ግን የታሪክ መምህር አመል አለቀቀኝም። ከኛ በፊት ቋንቋውን ብቻ ይዞ ሰው አገር የሄደና ያስተማረ ማን ነው? ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ሮም ነው፣ በ1649። ከታላቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል አንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የሚያርፉበት ቦታ ነበር። እዚያ ከነበሩት አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። አገራቸው የዛሬው ወሎ፣ በያኔው አጠራር አምሐራ፣ መካነ ሥላሴ ነው።

እንዴት ሮም ደረሱ? ወዶ የሄደ እንዳይመስላችሁ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት አድርገው አገር ደም ተፋሰሰ። በ1632 ልጃቸው ፋሲለደስ ሲነግሡ የጥንቱ ሃይማኖት ተመለሰ፣ ኢየሱሳውያኑም ከአገር ተባረሩ። አባ ጎርጎርዮስ ከኢየሱሳውያኑ ጋር የወገኑ ሰው ነበሩና አብረው ወጡ። በህንድ፣ በጎዋ አድርገው ነው በመጨረሻ ሮም የገቡት። ዛሬ ቢሆን ስደተኛ እንላቸው ነበር።

ወደዚህ ቤት ነው እንግዲህ አንድ የ25 ዓመት ጀርመናዊ የመጣው። ስሙ ሂዮብ ሉዶልፍ ይባላል፣ የኤርፉርት ልጅ ነው። ግዕዝን ያለ አስተማሪ፣ እጁ ከገቡት ጥቂት መጻሕፍት ለብቻው ሲታገል የተማረ ሰው ነው። የመጣው «አስተምሩኝ» ሊል ነበር። እነሱም ይሄ ከኢትዮጵያ ውጭ የሚሆን ነገር አይደለም አሉት። ቢሆንም የብራና መጽሐፍ አምጥተው «እስቲ አንብብ» አሉት። ማንበብ ሲጀምር ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከሁሉም በላይ የሳቁት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። አስቡት፣ ግዕዝ ሲነበብ ሰምቶ የማያውቅ ጀርመናዊ ፊደሉን እንዴት አድርጎ ሊያወጣው ነው! ያነበበውን መተርጎም ሲጀምር ግን ሳቁ ቀረና በመገረም ተተካ። ይህን ራሱ ሉዶልፍ ነው ጽፎ ያቆየልን።

እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ቆየሁ። ስንት ጊዜ ነው ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ሲያነብ አፉ ስለተያዘ ብቻ የሳቅነው? የተረዳውን ሳንጠይቀው «ተቀመጥ» ያልነውስ? እኔም አድርጌዋለሁ። ከእናንተ መካከል ያደረግሁበት ካለ ይቅርታ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ። ሉዶልፍ አገሩ ተመልሶ የጎታው መስፍን ኤርንስት ዘንድ ሥራ ያዘ። መስፍኑ ደግሞ የዋዛ ሰው አልነበረም። በ1642፣ ገና የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ሳያልቅ፣ በግዛቱ ያሉ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ ደንብ ያወጣ ነው። ስለ አባ ጎርጎርዮስ ሲሰማ «ይምጡልኝ» አለ። በ1652 አባ ከሮም ተነስተው የአልፕስን ተራራ አቋርጠው ጀርመን ገቡ። ከበጋው መጀመሪያ እስከ መስከረም ድረስ ጎታ ከተማ፣ ፍሪደንሽታይን በሚባለው ቤተ መንግሥት ቆዩ። ቤተ መንግሥቱ ገና በመሠራት ላይ ነበር፣ ጦርነቱም ካለቀ አራት ዓመቱ ነው። ከጦርነት ወጥቶ ጦርነት ባደቀቀው አገር ማስተማር ማለት ይሄ ነው።

ሉዶልፍ ይጠይቃል፣ አባ ይመልሳሉ። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ እንስሳቱና ስለ ዕፅዋቱ፣ ስለ ግዕዙም ስለ አማርኛውም። የአፍ መፍቻ ቋንቋን ማስተማር ቀላል የሚመስለው ካለ አንድ ቀን ይሞክረው። «ሄደ» እና «ሄዷል» ልዩነታቸው ምንድን ነው ተብላችሁ ድንገት ብትጠየቁ ምን ትላላችሁ? ሁላችንም እንናገረዋለን እንጂ ደንቡን ማን አስተማረን? አባ ጎርጎርዮስ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ በእጃቸው አልነበረም፣ ምክንያቱም በዓለም ላይ የታተመ የአማርኛ ሰዋስው ገና አልነበረም። መጽሐፉ እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ተለያይተውም በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ሉዶልፍ የግዕዙን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛውን ሰዋስው ደግሞ በ1698 አሳተመ። አገራችን ውስጥ ማተሚያ ቤት ከመኖሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የአማርኛ ሰዋስው ፍራንክፈርት ላይ ታትሟል ማለት ነው። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ያያት በአንድ መምህር አፍ ነው።

አባስ? አባ ይህን ሁሉ አላዩም። ናፍቆታቸው አገራቸው ነበር፣ ለመመለስም ተነሱ። በ1658 አሌክሳንድሬታ አካባቢ፣ ዛሬ እስክንድሩን በምትባለው የቱርክ ወደብ አጠገብ፣ የተሳፈሩበት መርከብ ተሰብሮ ሰጠሙ። አንዱም መጽሐፍ ገና አልታተመም ነበር።

ሁለተኛው ሰው አለቃ ታየ ናቸው። የበጌምድር፣ የይፋግ ሰው። በ1905 ዐፄ ምኒልክ ወደ በርሊን ላኳቸው፣ እስከ 1908 ድረስም በበርሊን የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛና ግዕዝ አስተማሩ። ጀርመኖቹ አማርኛ የፈለጉት ለቋንቋው ፍቅር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓድዋ ካለፈ አሥር ዓመት አልሞላውም፣ የአውሮፓ መንግሥታት ሁሉ ምኒልክ ደጅ ናቸው፣ በዚያው በ1905 የጀርመን መልእክተኞችም አዲስ አበባ መጥተው የንግድ ውል ተዋውለዋል። ለንግድና ለዲፕሎማሲ ደግሞ አፍ ያስፈልጋል። አለቃ ታየ ሥራቸውን ሠርተው አገራቸው ተመለሱ። የጠበቃቸው ግን በሃይማኖት ጉዳይ መከሰስና መታሰር ነው። ሆኖም ብዕራቸውን አላስቀመጡም። «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የሚለው መጽሐፋቸው ዛሬም ይነበባል።

በዚያው ዘመን የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም ኢጣሊያ፣ ናፖሊ ውስጥ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1908 ሮም ላይ የታተመው እሳቸው እዚያ እያሉ ነው። በኋላ በወረራው ዘመን ከጠላት ጋር መቆማቸው ስማቸውን አጠልሽቶታል፣ ይህም መደበቅ የለበትም። ውጭ መኖር ሁሉንም ሰው ወደ አንድ ቦታ አያደርስም።

ደግሞ መንገዱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በ1962 ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች አንዴ መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ተበታትነዋል። ከህንድ የመጡትንም መምህራን ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው፣ እስካሁን አነጋገራቸውን እያስመሰሉ ያወሯችኋል። እነዚያም የሰው አገር ብርድና ናፍቆት ነበረባቸው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። አንድ ነገር ልናዘዝ። አምና አንድ የፊዚክስ መምህር ባልደረባችን በሴሚስተሩ መሀል ጥሎን ወደ ውጭ ሲሄድ በጣም ነበር የተናደድኩት። ልጆቹ ለሳምንታት ያለ መምህር ተቀመጡ። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ከኋላው ያልሆነ ነገር ተናግሬአለሁ። የቤት ኪራዩንና የእናቱን መድኃኒት እያወቅሁ። ዛሬ ያው ደብዳቤ እኔ እጅ ሊገባ ይችላል፣ የኔም ኪራይ የሱ ዓይነት ነው። ወንድሜ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ ይቅር በለኝ። መሄድህ ሳይሆን አካሄድህ ነው ያመመኝ፣ ይህንንም ፊት ለፊት ልነግርህ ይገባኝ ነበር።

ለጥያቄያችሁ መልሴ እነሆ። ቢፈቀድልኝ ልሄድ እችላለሁ፣ አልዋሻችሁም። ግን የ12ኛ ክፍል ልጆቼ ፈተና ሳይወስዱ ንቅንቅ አልልም፣ ይህንንም ለሰዎቹ ጽፌላቸዋለሁ። «አንጠብቅህም» ካሉኝም ይለፈኝ። አማርኛ የማያውቅ የሐበሻ ልጅ ማስተማር ትልቅ ሥራ ነው። እዚህ ያሉት ስልሳ ልጆችም ትንሽ ሥራ አይደሉም። ከአባ ጎርጎርዮስ የተማርኩት ይህን ነው፦ መምህር የትም ይሁን የት፣ ሲጠየቅ የሚያውቀውን ሳይሰስት ይመልሳል፣ ፍሬውን ግን ላያይ ይችላል። ዲግሪም አልነበራቸውም እኮ!

ደግሞ የ11ኛ «ቢ» ልጆች፣ «ቲቸር ሄዷል» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ነገ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ አለሁ። የቤት ሥራውን እሰበስባለሁ።

ሰላም ዋሉ።