ሰገነቱን ትተው የወጡት

ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ በአገራችን የድሮ ስም የምትጠራ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች። እዚያ ከተማ የምትኖሩ ወዳጆቼ በደጇ አልፋችሁ ይሆናል። ውጭ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ «ቲቸር፣ ሰውን በሰውነቱ የሚቀበል፣ ጥያቄ የማይፈራ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይገኛል?» ይሉኛል። ከእኔ ምክር ይልቅ የዚህች ቤት ታሪክ የተሻለ ይመልሳልና ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊዜው 1808 ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ባርነት ገና አልቀረም፤ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1827 ነው። ጥቁሮች የከተማዋ ፈርስት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አባል መሆን ይችሉ ነበር። ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ። መቀመጫቸው ግን ከነጮቹ የተለየ ነው። በሩ ክፍት ነው፣ ወንበሩ ግን ለሁሉም አይደለም ማለት ነው። «አንድ አምላክ እያመለክን ይህማ አይሆንም» ያሉት ወጡ። ቶማስ ፖል የሚባል ከቦስተን የመጣ ጥቁር ሰባኪ አግዟቸው የራሳቸውን ቤት መሠረቱ።

ስሙ ከየት መጣ? ቤተ ክርስቲያኗ ስትተርክ ከወጡት መካከል በመርከብ የመጡ የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ነበሩ ትላለች። የታሪክ ሰዎች በዚህ ላይ አይስማሙም። የሚያከራክር ያልሆነው ስሙ ራሱ ነው። «ቦታችሁ ወዲያ ነው» የተባሉ ሰዎች፣ መጽሐፍ ቅዱስ በክብር የሚያነሳትን የጥቁር ሕዝብ አገር በራቸው ላይ ጻፉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ወደዚህች ቤት ሄደዋል።

በ1923፣ በፓስተር አዳም ክሌይተን ፓወል (አባትየው) ዘመን፣ ዛሬ ወዳለችበት ወደ ሃርለም 138ኛ መንገድ ገባች። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

በ1930 ዲትሪክ ቦንሆፈር የሚባል የ24 ዓመት ጀርመናዊ ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ ኒውዮርክ መጣ። የበርሊን ፕሮፌሰር ልጅ ነው፤ በነገረ መለኮት ዶክትሬቱን ቀድሞ ይዟል። የነጮቹን ትልልቅ ቤተ ክርስቲያናት እየዞረ ሰማ። ስብከታቸው ስለ ሁሉም ነገር ያወራል፣ ወንጌሉ ግን የለበትም ብሎ አዘነ። ፍራንክ ፊሸር የሚባል ከአላባማ የመጣ ጥቁር የክፍል ጓደኛው ታዲያ ወደ አቢሲኒያን ይዞት ሄደ።

እስቲ አስቡት። ሰገነት ላይ አውጥቶ ለማስቀመጥ ምክንያት ያለው ሰው ቢፈለግ እነዚህ ነበሩ። ግን አላደረጉትም። ለዚያ ነጭ እንግዳ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻቸውን እንዲያስተምር ሰጡት! ለወራት እየተመላለሰ አገለገለ፤ በየቤታቸውም ገባ። ወደ አገሩ ሲመለስ የጥቁሮችን መንፈሳዊ መዝሙሮች በሸክላ ይዞ ሄደ።

በ1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። በዚያው ዓመት የፕሮቴስታንቱ ቤተ ክርስቲያን ትልቁ ክፍል የአይሁድ ዘር ያለበት ሰው ፓስተር እንዳይሆን ወሰነ። የ1808ቱ ጥያቄ በርሊን ደረሰ ማለት ነው፤ በእግዚአብሔር ቤት ማን የት ይቀመጣል? ቦንሆፈር ገና ከመጀመሪያው ከተቃወሙት አንዱ ነበር። በኋላ ፊንከንቫልደ በተባለ ቦታ ሰባኪዎችን በሚያሠለጥንበት ጊዜ እነዚያን ሸክላዎች ለተማሪዎቹ ያሰማቸው ነበር። በሚያዝያ 1945፣ ጦርነቱ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው፣ ናዚዎች በ39 ዓመቱ ሰቀሉት። ይህን ሁሉ ያደረገችው ሃርለም ብቻዋን ናት አልልም። ነገር ግን የተገፋ ሰው ከሚያይበት ቦታ ሆኖ ዓለምን ማየት የጀመረው እዚያ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ በር ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። እናንተ ግን መቀመጫውን እዩ። ከእነሱ የማይመስለውን ሰው የት ያስቀምጡታል? ምን ሥራ ያምኑታል? ልጆቻቸውን ይሰጡታል? ወይስ ዓመት ሙሉ «እንግዳችን» እያሉ በፈገግታ ከኋላ ወንበር ያቆዩታል?

ሰገነቱ እኮ በእኛም ቤት አለ፤ ስሙን ቀይረነው እንጂ። ስደት ላይ ያለ ሰው ናፍቆቱን ይዞ ቅዳሴ ወይም ጉባኤ ሲመጣ፣ ከስሙ ቀጥሎ የትውልድ ቦታው የሚጠየቀው ለትውውቅ ብቻ ነው? መልሱን ሰምተን የምንርቀው ከሆነ፣ ያ ሰው ሰገነት ላይ ወጥቷል።

ፈልጋችሁ ካጣችሁስ? የ1808ቶቹም ቢሆኑ ተዘጋጅታ የጠበቀቻቸው ቤት አልነበረችም። ጥቂት ሆነው ተሰባሰቡና ጀመሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ማን በዚያ በር እንደሚገባ አያውቁም ነበር፤ በሩን ግን ሠርተውት ነበር።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፦ እናንተ ጋ እንግዳ የት ነው የሚቀመጠው?